ግማሽ የተከፈተ መስኮት፦ በአውቶቡስ ወደ ቡና አገር

(ድምፅ፦ የመናኸሪያ ግርግር፣ የአውቶቡስ ሞተር፣ “ጅማ! ጅማ! አንድ ሰው የቀረው ጅማ!” የሚል የረዳት ጥሪ፤ ቀስ በቀስ እየራቀ ይጠፋል)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ከአንድ ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄውን ያነሱት ወደ ጅማ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ናቸው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ አንድ ሎሚ በእጃቸው እያገላበጡ፣ የጀርባ ቦርሳዬን አየት አደረጉና “ልጄ፣ ዘመድ ጥየቃ ነው?” አሉኝ።

“አይ እማማ፣ ቡና ለማየት ነው የምሄደው።”

“ትነግጃለሽ?”

“ኧረ አልነግድም። የሚበቅልበትን አገር ልይ ብዬ ነው።”

እማማ ከት ብለው ሳቁ። “ወይ ጉድ! ቡና ይጠጣል እንጂ ይታያል እንዴ!”

እውነታቸውን ነው። አብዛኞቻችን ቡናን የምናውቀው ከብረት ምጣዱ ጀምሮ ነው። ሲቆላ እናሸታለን፣ ሲወቀጥ እንሰማለን፣ ከስኒ እንጠጣለን። ከምጣዱ በፊት የት እንደነበረ፣ ለምን እዚያ በቅሎ እዚህ እንደማይበቅል፣ ማን በስንት ድካም እንደለቀመው ግን ብዙ አንጠይቅም። ስለዚህ ዛሬ አብረን እንሳፈር። ከአዲስ አበባ ተነስተን በጊቤ በኩል ጅማ፣ ከጅማ ደግሞ ቦንጋ እንደርሳለን። ቦርሳችን በጀርባ፣ መጓጓዣችን አውቶቡስ ነው።

አውቶቡስ ያልኩት ለገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይደለም። በአውሮፕላን ጅማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ በአውቶቡስ ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ትምህርቱ ያለው በዚያ በተረፈው ሰዓት ውስጥ ነው። ቡናን ቡና የሚያደርጉትን ነገሮች፣ ከፍታውን፣ ጥላውንና የሰውን እጅ፣ ከመሬት ጋር እየወረደ እየወጣ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው አንድ በአንድ የሚያገኛቸው። በዝግጅቱ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመነሳታችን በፊት ስለ ጓዝ ጥቂት እንበል። ቦርሳችሁ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሊጫን ይችላል። ሸራ ቢለብስም ዝናብና አቧራ መግቢያ አያጣምና ልብሳችሁን አስቀድማችሁ በፌስታል ጠቅልሉት። መታወቂያ፣ ገንዘብ፣ ስልክና መድኃኒት ከእጃችሁ አይለዩ። ቦንጋ ዝናብ የማይሰለቸው አገር ነውና የዝናብ ልብስና ጭቃ የማይፈራ ጫማ ያዙ። መንገድ የሚያጥወለውለው ሰው የፊት ወንበር ይጠይቅ፤ ሎሚም አይርሳ። እማማ ሎሚውን የያዙት ለጌጥ አልነበረም።

ሌላው፣ ከመነሳታችሁ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ሰላም ነው ወይ? ዝናብ የቆረጠው መንገድ አለ ወይ? መልሱን ከመናኸሪያ ሾፌሮችና ከምትሄዱበት ከተማ ሰዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞም ከመሸ መንገድ አትጀምሩ።

(ድምፅ፦ የአውቶቡስ ሞተር በዝግታ)

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ከተማ ናት፤ የንጋት ብርዷን ታውቁታላችሁ። ሰበታን ሳናልፍ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት መስኮት ከፈተ። ወዲያው ከሦስት አቅጣጫ “ኧረ ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!” የሚል ድምፅ መጣ። ዘጋው።

ይህችን መስኮት አስታውሷት። ለዛሬው ትምህርታችን የሙቀት መለኪያ ሆና ታገለግለናለች።

በቱሉ ቦሎ በኩል የሚያልፈው መንገድ ዳርና ዳሩ ጥቁር መረሬ መሬት ነው፤ ጤፍ ይወዳል። ወሊሶ ከአዲስ አበባ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዚያ ወዲያ የእንሰት ቅጠል በየአጥሩ ላይ እየበዛ፣ ወልቂጤ ስትደርሱ ጉራጌ አገር መግባታችሁን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ቡና ግን ገና አልበዛም።

ከወልቂጤ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። አውቶቡሱ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል፤ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል። ባሕር ዛፉ ይቀርና ግራር ይመጣል። ዝንጀሮዎች አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ይታዘባሉ። የጊቤ ድልድይ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሦስት አራት ሰዓት ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ወረድን ማለት ነው።

ይኸኔ እማማ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው “ኧረ ይሄን መስኮት ክፈቱት፣ ታፈንን!” አሉ። ጠዋት “ዝጋው” ካሉት ሦስት ድምፆች አንዱ የእሳቸው ነበር።

አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ትምህርቱን እንያዝ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በወረደ ቁጥር አየሩ በአማካይ በስድስት ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የአንድን ቦታ ሙቀት ከወሩ ይልቅ የሚወስነው ከፍታው ነው። አባቶቻችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው የከፈሉት ይህንኑ አይተው ነው።

አረቢካ ቡና፣ ማለትም የእኛው ቡና፣ መካከለኛውን ይወዳል። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይመቸዋል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ፍሬው ተቻኩሎ ይቀላል፤ እምብርቱ ሳይጠነክር ይበስላል፤ የቅጠል ዝገት የሚባለውም በሽታ ይበረታበታል። እንደ ደጋው ሲበርድ ደግሞ እድገቱ ይቀጭጫል፤ ውርጭ ከመታው ያልቅለታል። በመካከለኛው ከፍታ ላይ ፍሬው ሳይቸኩል ይበስላል። ቀስ ብሎ የበሰለ ፍሬ ጠጣር ይሆናል፤ ቀማሾች የሚፈልጉት ጣዕምና ለዛም እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል።

በመስኮታችን ቋንቋ እንናገረው ካላችሁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ “ዝጋው” በሚልበት ቦታ ቡና አይመቸውም፤ ሁሉም “ክፈተው” በሚልበት ቦታም አይመቸውም። መስኮቱ ግማሽ ተከፍቶ ማንም ምንም ሳይል ሲቀር፣ ያኔ ቡና አገር ገብታችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከጊቤ ማዶ አቀበቱ ይጀምራል። ሳጃን፣ ሶኮሩን፣ አሰንዳቦን እያለፍን ነው። የግልገል ጊቤ የኤሌክትሪክ ግድብም በዚሁ አካባቢ ነው። እማማ አሰንዳቦ ላይ ወረዱ። ጆንያቸውን ከጣሪያ እስኪያወርዱላቸው ቆመው “በይ እንግዲህ፣ ቡናውን ካየሽው ሰላም በይልኝ” ብለው አሾፉብኝ። አውቶቡሱ ተነሳ። ሰርቦን አልፈን ወደ ጅማ ስንቃረብ የኋላው ወጣት መስኮቱን ግማሽ ከፈተ። ጆሮዬን አቆምኩ። ማንም ምንም አላለም። ከመንገዱ ዳር፣ ከቤቶቹ ጓሮ፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል መታየት ጀምሮ ነበር።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አንድ ሁለት ሌሊት ብታድሩ አትጸጸቱም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ ብልህ መሪ ነበሩ፤ በዘመናቸውም ሂርማታ የሚባለው ገበያ የቡናው፣ የማሩና የኮረሪማው ነጋዴ መገናኛ ነበር። ገበያ ከወጣችሁ የጅማን በርጩማ ተመልከቱ። ባለ ሦስት እግር ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ እንጂ ሚስማርም ማጣበቂያም አያውቅም። ጀበና ፊት ለመቀመጥ ከእሱ የተሻለ መቀመጫ አላየሁም።

ስለ ጅማ ልነግራችሁ የምፈልገው ዋናው ታሪክ ግን ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ መልኮ በሚባለው ስፍራ ያለ ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ የሚባል፣ ሻጋታ የሚያመጣው አንድ በሽታ አለ። መጀመሪያ የታወቀው በ1922 በኬንያ ነው። ብርድና እርጥበት ይወዳል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣበታል፤ ነጠብጣቡ ይሰፋል፤ ፍሬው ይጠቁራል፣ ይረግፋል፣ ወይም እንደ ከሰል ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። በ1971 ይህ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ገበሬው የዓመት ልፋቱን ዛፍ ሥር ወድቆ ያገኘው ጀመር።

ተመራማሪዎቹ መድኃኒት ብቻ ፍለጋ አልቀሩም። ወደ ደንና ወደ ገበሬው ማሳ ወረዱ። በሽታው ዙሪያውን ሁሉ ሲያጠቁር ፍሬው ጤነኛ ሆኖ የቀረ ዛፍ ካለ እሱን ፈለጉ። አገኙም። ዘሩን ሰብስበው፣ በሽታውን ሆን ብለው እየረጩ ፈተኑት፣ የተረፈውን መረጡ። ስም አላወጡለትም፤ ቁጥር ሰጡት። 741፣ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74158። መነሻው 74 የምርጫውን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታል። 74110 እና 74112 እናት ዛፋቸው የተገኘው ከመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባል ስፍራ ነው። ዛሬ እነዚህን ቁጥሮች ልዩ ጣዕም ያለው ቡና በሚሸጥባቸው የውጭ አገር ሱቆች ከረጢት ላይ ተጽፈው ታገኟቸዋላችሁ። ገዢው ጣዕሙን ያደንቃል። ቁጥሩ ግን ከበሽታ የተረፈ የአንድ ዛፍ ታሪክ ነው።

አሁን ጥያቄው፣ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ እንዴት ሊገኝ ቻለ የሚለው ነው። መልሱን ለማየት ወደ ቦንጋ እንሂድ።

(ድምፅ፦ የሚኒባስ በር ሲዘጋ፤ ሞተር)

ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሰቃ ጨቆርሳን አልፈን፣ በለጠ-ጌራ የሚባለውን ደን ጎን ለጎን ይዘን፣ ሸቤ እንደርሳለን። ከዚያ ወደ ጎጀብ ወንዝ እንወርዳለን። መስኮቱ እንደገና ይከፈታል። ጎጀብ የጅማና የካፋ ወሰን ነው፤ ወደ ታች ሄዶ ከጊቤ ጋር ሲገናኝ ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ጊምቦ ስትወጡ ግን መንገዱን ደን ይውጠዋል።

ደን ስላችሁ የባሕር ዛፍ ተከላ እንዳይመስላችሁ። ቀረሮው ከሁሉ በላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ አናቱ አይታይም። ከሱ ዝቅ ብሎ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ፣ ብርብራ። ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባዋን እያርገበገበች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትዘላለች። ከፍ ብሎ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ታያላችሁ፤ የካፋ ማር የሚሰበሰበው ከዚያ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር፣ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ቆሟል።

ቡና በተፈጥሮው የደን ሥር ዛፍ ነው። ከቦንጋ ካገኘሁት አስጎብኚ ጋር ወደ አንድ ገበሬ ማሳ ዘለቅን። በዕድሜ ጠና ያሉ አባት ናቸው። “አባባ፣ ይህን ሁሉ ዛፍ ቢቆርጡት ቡናው ፀሐይ አግኝቶ አብዝቶ አያፈራልዎትም?” አልኳቸው።

“ያፈራል” አሉ። “አንድ ሁለት ዓመት አብዝቶ ያፈራል። ከዚያ ይደክመዋል። ልጄ፣ ቡና እንደ አራስ ነው፤ ፀሐይ አይመታውም።”

የእሳቸውን አባባል ወደ ሳይንስ ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል። ጥላ የሌለው ቡና በአንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራል፤ ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ለዚያ ሁሉ ፍሬ አይበቃም፤ ቅርንጫፉ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል። ጥላ ያለው ቡና በመጠኑ እያፈራ ዕድሜ ይቆጥራል። ጥላው የቀኑን ቃጠሎ ያበርዳል፣ የሌሊቱን ብርድ ይከላከላል፣ ረጋፊው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል፣ በስብሶም ማዳበሪያ ይሆናል። እንደ ብርብራና ሰሳ ያሉት ዛፎች ደግሞ የባቄላ ዘመዶች ናቸውና ከአየር ናይትሮጅን ወስደው አፈሩን ያበለጽጋሉ። ገበሬው ሌላውን ቆርጦ እነሱን የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሽታ የሚቋቋመው ዛፍ እንዴት ተገኘ? በደኑ ውስጥ ያለው ቡና አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ቅጠሉ ሰፊ አለ፣ ጠባብ አለ፤ ጫፉ ነሐስ የመሰለ አለ፣ አረንጓዴ አለ፤ ፍሬው ክብ አለ፣ ሞላላ አለ። አንዱ በሽታ ሲጥለው ሌላው ይቆማል። በሌላው ዓለም ያለውን ቡና ከዚህ ጋር አስተያዩት። ቡና ከእኛ ወደ የመን ተሻገረ። ከየመን ሆላንዳውያን ወደ እስያ ወሰዱት፤ በ1706 አንድ ችግኝ አምስተርዳም የዕፅዋት መናፈሻ ደረሰ፤ የዚያ ዛፍ ዘር በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በስጦታ ተላከ። በላቲን አሜሪካ ተራራዎች ላይ ለተስፋፋው ቡና ትልቁ መነሻ እንዲህ በጣት ከሚቆጠሩ ዛፎች የተገኘ ዘር ነው። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና አንዱን የያዘ በሽታ ሁሉንም ይይዛል። በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ በ1869 የቅጠል ዝገት ገብቶ የቡና እርሻውን ደመሰሰው፤ አገሪቱ ፊቷን ወደ ሻይ አዞረች። የሴሎን ሻይ የሚባለው ስም የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ የካፋ ደን እንጨትና ጥላ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ቡና የዘር ጎተራ ነው። የካፋ ደን ከያዩ ደን ጋር በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበውም በዚህ ምክንያት ነው። የሸካም ደን በ2012 ተከትሏቸዋል። ይሁንና መዝገብ ደን አይጠብቅም። ዋጋ ሲወድቅበት ቡናውን ነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ አለ፤ ልጆች የሚያሳድገው እሱ ነውና በቀላሉ አይፈረድበትም። ደኑ እንዲቆም የደኑ ቡና፣ ማሩና ኮረሪማው ገበሬውን ማብላት አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ከፍታውንና ጥላውን አይተናል። የቀረን የሰው እጅ ነው።

የሄድኩት በለቀማ ወቅት ነበር። የአባባ የልጅ ልጅ፣ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው፣ ቅርጫት ወገቧ ላይ አስራ ትለቅማለች። ቅርንጫፉን በግራ እጇ ዝቅ ታደርገዋለች፤ በቀኟ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀዩን ፍሬ ብቻ ጠምዘዝ አድርጋ ትወስዳለች። አጠገቡ ያለውን አረንጓዴ አትነካም። “ሁሉንም በአንዴ ለምን አትጎትቺውም?” አልኳት። “ለሚቀጥለው ሳምንት ነው” አለችኝ፣ ቀና ሳትል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ፍሬ በአንድ ቀን አይበስልምና ወደ አንዱ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሱበታል።

አንድ እሸት ቡና ሰጠችኝ። ጫን ሳደርገው ቅርፊቱ ፈነዳና ሁለት ፍሬዎች ሙልጭ ብለው መዳፌ ላይ ወደቁ። ማር የተቀቡ ይመስል ያዳልጣሉ። ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል፤ ቡና ቡና ግን አይልም። የምናውቀው ሽታ የሚወለደው ምጣድ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እሸቱን ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው፤ ጀንፈል የምንለው ይህ ነው። ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ይቀሸራል። ሁለተኛው የታጠበ ቡና ነው፤ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይሄዳል፣ ማሽን ቅርፊቱን ይገፈዋል፣ የሚያዳልጠው ልጋግ እስኪለቅ በገንዳ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ጀንፈሉ ወፍራምና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ጣዕም ያመጣል፤ የታጠበው ጥርት ያለ ነው።

በስሌት እንየው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ቡናው ሲቆላ ደግሞ ከክብደቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ገዝታችሁ ስትገቡ፣ በሁለት ጣት አንድ በአንድ የተለቀመ ወደ ሦስት ኪሎ ፍሬ ይዛችሁ ገባችሁ ማለት ነው።

ቤት ስንገባ ጀበና ተጥዶ ጠበቀን። አቦሉ በጨው መጣ፤ ስኳር የጠየቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩና አፈርኩ። በዚህ አገር የቡና ቅጠልም ይጠጣል። ቅጠሉን ከቅመማ ቅመም ጋር አፍልተው ጨሞ ይሉታል። ቡናውን ራሱን በካፊኛ “ቡኖ” ብለው ይጠሩታል፤ የእኛን “ቡና”ና የዓረቦቹን “ቡን” ልብ በሉ፣ ዘመዳሞች ናቸው።

ቦንጋ ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። አስጎብኚዎች ማኪራ ስለሚባለው ደንም ይነግሯችኋል፤ የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ ይህ ነው ይላል። የፍየል ጠባቂውን ተረት የማያውቅ የለም። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አየ የሚባለውን ማለቴ ነው። ተረቱ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው ግን በ1671፣ ሮም ውስጥ፣ በላቲን ቋንቋ ነው። እረኛው ይኑር አይኑር ታሪክ አይመሰክርም። ደኑ ግን ይመሰክራል፤ የአረቢካ ቡና ዝርያ ከሌላው ዓለም ሁሉ በልዩ ልዩ መልኩ በዝቶ የሚገኘው በእኛ ደኖች ውስጥ ነው።  ጊዜ ካላችሁ ወደ ውሽውሽ ብቅ በሉ። ኮረብታው ሁሉ እንደ ምንጣፍ የተከረከመ የሻይ ተክል ነው። ቡናው ጫካ ውስጥ ተደብቆ፣ ሻዩ ገላጣ ላይ ተሰጥቶ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ስታዩ ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ያለ አስተማሪ ይገባችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

መሄድ ለምትፈልጉ ማሳሰቢያዬን ልጨርስ። ቀይ ፍሬ ለማየት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሂዱ፤ ዝናቡም ጋብ ይላል። አበባ ለማየት የካቲትና መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ቅርንጫፉ በረዶ እንደወረደበት ነጭ ይሆናል፣ ሽታው ጃስሚን ጃስሚን ይላል፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ይረግፋል። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ስምንት ዘጠኝ ወር ነው። ማሳ ስትገቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ደን ውስጥ ያለ አስጎብኚ አትግቡ፤ ለአስጎብኚው የምትከፍሉት ገንዘብ ደኑ ቆሞ እንደሚጠቅም ለመንደሩ የሚያሳይ ምስክር ነው። “ቡና ጠጡ” ከተባላችሁ ደግሞ ለአንድ ስኒ ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቶናና በረካ አለ፣ አውቶቡሱ ነገም አለ።

በመልሱ ጉዞ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ጣሪያ ላይ እንዲጫን አልፈቀድኩም፤ ጭኔ ላይ አድርጌው መጣሁ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲገርፈኝ መስኮቱን እኔው ከፈትኩት። ወልቂጤን አልፈን ወደ ወሊሶ ስንወጣ ደግሞ ሳላስበው እጄ ተነስቶ ዘጋው። ከጎኔ አዲስ አበባን መጀመሪያ ሊያይ የሚሄድ የጅማ ልጅ ተቀምጧል። “አክስቴ፣ አሁን ለምን ዘጋሽው? ቅድም ራስሽ ከፍተሽው አልነበር?” አለኝ።

ቦርሳዬን ከፍቼ ቡናውን አሳየሁት። “ይሄ ከዚህ በላይ አይመቸውም” አልኩት። ልጁ ቡናውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ወደ ውጭም አየ። ከመስኮቱ ባሻገር ጤፍ እንጂ ቡና አልነበረም።

 

(ድምፅ፦ የቡና ሙቀጫ፣ የስኒ ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)